ፍሪጅ የማይፈልግ መድኃኒት፦ ዘር ውስጥ ስለሚቀመጥ ፕሮቲን

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትምባሆ፣ ስለ ድንች፣ ስለ ካሮት፣ ስለ ሩዝና ስለ ገብስ ነው። የምግብ ወሬ ግን አይደለም። ሰዎች በእነዚህ ተክሎች ውስጥ የመድኃኒት ፕሮቲን ማምረት ከጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኢንዛይም፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን፣ ተመርቶባቸዋል፤ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ አምጪን ይዞ የሚከላከል ፕሮቲን፣ ተመርቶባቸዋል፤ ክትባትም እንዲሁ። አንዳንዱ ሐኪም ቤት ደርሶ በሽተኛ እያከመ ነው። አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ለምን አንዱ ደረሰ፣ ሌላው ለምን ቀረ? ብዙ ሰው መልሱን አመራረቱ ላይ ይፈልጋል። እኔ አቀማመጡን ነው የማየው። ፕሮቲኑ ተክሉ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? ቅጠሉ ላይ? ሴሉ ውስጥ የትኛው ጓዳ? ዘሩ ውስጥ? ዛሬ ማታ ከዚህ ጥያቄ አልወጣም።

መጀመሪያ ፕሮቲን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እንግባባ። ስለ ሥጋና ስለ ሽሮ ፕሮቲን አይደለም። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። በእብድ ውሻ ለተነከሰ ሰው ቁስሉ ላይ የሚወጋው አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው። ብዙ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶችም ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ የሚሠራው ግን ሰንሰለቱ በትክክል ሲታጠፍ ብቻ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹ ይበላሻል። ቅርጹ ከተበላሸ መድኃኒትነቱ አለቀ። ለዚህ ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀምጡት የሚባለው። ኢንሱሊን የሚወስድ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ጭንቀቱ ይጀምራል። ፍሪጅ የሌለበት ቤት ደግሞ ብልቃጡን እርጥብ ሸክላ ውስጥ ያኖራል። ሸክላው ይረዳል፤ ግን ፍሪጅ አይሆንም።

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረደ አሳማና ከብት ቆሽት ነበር። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ የአገራችንን አዋጅ እስካነሳ ድረስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1982 የሰው የኢንሱሊን ጂን የገባበት ባክቴሪያ ሥራውን ተረከበ። ባክቴሪያ ግን ትልልቅና ውስብስብ ፕሮቲኖችን በትክክል ማጠፍ አይችልም። ለእነሱ ዛሬም በብዛት የሚሠራበት ሃምስተር ከምትባለው የአይጥ ዘመድ የእንቁላል እጢ የተወሰደ ሴል ነው። ይህ ሴል ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ፣ ምግቡ ተመጥኖ፣ ሙቀቱ ተጠብቆ ነው የሚያድገው። ፋብሪካው ውድ ነው። መድኃኒቱም ውድ ነው።

ተክልስ? ተክል ከአየር፣ ከውሃ፣ ከአፈርና ከፀሐይ ተነስቶ ፕሮቲን ይሠራል። በ1989 ካሊፎርኒያ ያሉ የስክሪፕስ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች የአንቲቦዲን አንድ ክፍል በአንድ ትምባሆ፣ ሌላውን ክፍል በሌላ ትምባሆ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሁለቱን ተክሎች አዳቀሉ። ልጆቹ ሙሉ አንቲቦዲ ይዘው በቀሉ። ማንም አልገጣጠመላቸውም፤ ተክሉ ራሱ ገጣጠመው። ያ ውጤት ብዙ ሰው ሥራውን እንዲለውጥ አድርጓል።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንሂድ። ቤንታሚያና የሚባል የትምባሆ ዘመድ አለ። የትውልድ አገሩ ሰሜን አውስትራሊያ ነው። ቫይረስን የሚከላከልበት አንዱ ጂን ስለተበላሸ የውጭ ጂን ሲገባበት ብዙም አይታገልም። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ችግኞቹ ትሪ ላይ ተደርድረው ለጥቂት ሳምንታት ያድጋሉ። ከዚያ ትሪው ይገለበጥና ቅጠሎቹ ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ባክቴሪያው አግሮባክቴሪየም ይባላል። የራሱን ጂን ተክል ውስጥ ማስገባት በተፈጥሮ ያውቅበታል፤ ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉትን ጂን ያሸክሙታል። ገንዳው ይዘጋል። አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ከቅጠሎቹ ውስጥ አረፋ እየተፍለቀለቀ ይወጣል። አየሩ መልሶ ሲለቀቅ ውሃው በቅጠሉ ቀዳዳዎች ጥልቅ ይላል። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ፣ ከብዶ፣ ውሃ ጠግቦ ይወጣል። ትሪው ይቃናል፤ ተክሉ ወደ ግሪንሀውስ ይመለሳል። በሳምንት ገደማ ቅጠሉ የተፈለገውን ፕሮቲን ይዞ ይገኛል።

ፍጥነቱ ነው ትልቁ ነገር። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ ዚማፕ የሚባል መድኃኒት የተመረተው በዚሁ መንገድ ነበር። ቦታው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ኦወንስቦሮ የምትባል ከተማ ናት። ሦስት አንቲቦዲ ተቀላቅሎ ነው የተሠራው። ላይቤሪያ፣ ሞንሮቪያ ላይ ታመው የነበሩት አሜሪካውያን፣ ሐኪሙ ኬንት ብራንትሊና ናንሲ ራይትቦል፣ ወሰዱት፤ ሁለቱም ዳኑ። ግን ያዳናቸው መድኃኒቱ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላ 72 ሰዎች ላይ ጥናት ተደረገ። መደበኛ እንክብካቤ ብቻ ካገኙት 37 በመቶ ሲሞቱ፣ ዚማፕ ከተጨመረላቸው የሞቱት 22 በመቶ ናቸው። ተስፋ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ለማረጋገጫ በቂ አልነበረም። በ2019 ኮንጎ ላይ በተደረገ ትልቅ ሙከራ ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች በልጠውት ተገኙ። ዚማፕም እዚያ ላይ ቆመ።

ወደ 2014 ልመለስ። ያኔ የነበረው ዚማፕ ነሐሴ ላይ አለቀ። ሰው እየሞተ፣ ዓለም እየጠየቀ፣ መድኃኒቱ የለም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ቅጠል ቶሎ ይሰጣል፤ አይጠብቅም። ቅጠል ዘጠና በመቶው ገደማ ውሃ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የራሱ ኢንዛይሞች ያን ውድ ፕሮቲን መቆራረጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ የታጨደ ዕለት መፈጨት፣ መጨመቅ፣ መጣራት አለበት። የማጣሪያው ፋብሪካ አጠገቡ ከሌለ ትርፉ ብስባሽ ነው።

በዚሁ ተክል የኮቪድ ክትባትም ተሠርቷል። ሜዲካጎ የሚባል የኩቤክ ኩባንያ ነው የሠራው፤ ካናዳ በየካቲት 2022 ፈቀደችለት። የትምባሆ ኩባንያ የሆነው ፊሊፕ ሞሪስ ድርሻ ስለነበረው ግን የዓለም ጤና ድርጅት አልቀበልም አለ። በዓመቱ ባለቤቱ ኩባንያውን ዘጋው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በሳይንሱ በኩል የሠራ ነገር ነበር።

ከቅጠል በፊት የብዙ ሰው ተስፋ ሌላ ቦታ ነበር፤ ክትባት በሚበላ ነገር ውስጥ። አሜሪካዊው የተክል ሳይንቲስት ቻርልስ አርንትዘንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ልጆች ሙዝ በልተው የሚከተቡበትን ቀን ያልሙ ነበር። የተሞከረው በድንች ነው። በ1998 የታተመው የመጀመሪያ የሰው ሙከራ ላይ 11 ሰዎች ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ አንድ ቁራጭ ፕሮቲን ያለበትን ድንች በሉ። ጥሬውን ነው የበሉት። ከተቀቀለ ፕሮቲኑ ይበላሻላ! ከ11ዱ 10ሩ ደማቸው ውስጥ አንቲቦዲ ጨመረ። ሐሳቡ ሠራ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ገበያ ላይ የለም? አንዱ ድንች ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይይዛል። መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ደግሞ መድኃኒት አይደለም። በዚያ ላይ ድንችም ሙዝም እርጥብ ነው። ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። እንደገና የአቀማመጥ ችግር።

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ካሮት ነው።

ጎሼ የሚባል ከወላጅ የሚወረስ በሽታ አለ። በአሽኬናዚ አይሁድ ዘንድ በብዛት ይታያል፤ ሌላም ሕዝብ ውስጥ አለ። አንድ ኢንዛይም ይጎድላል። በዚያ ምክንያት ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ማፍረስ ያቃታቸው ስብ ይጠራቀምባቸዋል። ጣፊያ ያብጣል፣ ጉበት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል። መፍትሔው የጎደለውን ኢንዛይም በደም ሥር መስጠት ነው። በ1991 የተፈቀደው የመጀመሪያው መድኃኒት የሚወጣው ከእንግዴ ልጅ ነበር፤ ለአንድ በሽተኛ የዓመት መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠር የእንግዴ ልጅ ያስፈልግ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ የሃምስተር ሴል ተተካ።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ኢንዛይሙ ላይ ትንንሽ የስኳር ቅርንጫፎች ተንጠልጥለዋል። ማክሮፋጁ ኢንዛይሙን የሚይዘው ጫፉ ላይ ማኖስ የሚባል ስኳር ሲያገኝ ነው። የሃምስተሩ ሴል ግን በማኖሱ ላይ ሌላ ስኳር ይደርብበታል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ከተመረተ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ስኳሩን አንድ በአንድ የመከርከም ተጨማሪ ሥራ አለ። ውድ ሥራ ነው።

ሰሜን እስራኤል ካርሚኤል ከተማ ያለው ፕሮታሊክስ የተባለ ኩባንያ ጂኑን ካሮት ሴል ውስጥ አስገባ። ማሳ ላይ ያለ ካሮት አይደለም። ትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት ውሃ፣ አየር እየተነፋበት የሚባዛ ሴል ነው። ከጂኑ ጋር አጭር የአድራሻ ምልክት ጨመሩበት። ምልክቱ ኢንዛይሙን ቫኩዮል ወደሚባለው የሴሉ ማከማቻ ይመራዋል። ኢንዛይሙ እዚያ ሲደርስ የሴሉ የራሱ ኢንዛይሞች ትርፉን ስኳር ይከረክሙና ማኖሱ ጫፍ ላይ ይወጣል። ሌላው ፋብሪካ ከምርት በኋላ የሚሠራውን ሥራ ካሮቱ በማከማቻው ውስጥ ጨርሶት ይጠብቃል። አቀማመጥ፣ አቀማመጥ የምላችሁ ለዚህ ነው። ጂኑ ያው ጂን ነው፤ መድኃኒት ያደረገው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በሰኔ 2009 ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። ቦስተን ያለው የሃምስተር ሴል ፋብሪካ ውስጥ ቫይረስ ገባ። ሰውን የማይነካ፣ የእንስሳውን ሴል ግን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ምርት ቆመ። በመላው ዓለም ያሉ የጎሼ በሽተኞች መድኃኒታቸው ተቀነሰባቸው። የእንስሳ ቫይረስ ካሮት አይዘውም። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ገና ያልጸደቀውን የካሮት መድኃኒት አንዳንድ በሽተኞች እንዲወስዱ አስቀድሞ ፈቀደ። ሙሉ ፈቃዱ የመጣው በግንቦት 2012 ነው። በተክል ሴል ተመርቶ ለሰው የጸደቀ የመጀመሪያው የፕሮቲን መድኃኒት ይህ ነው። በ2023 ያው ኩባንያ ፋብሪ ለሚባል በሽታ ሁለተኛ መድኃኒት አስፈቀደ፤ እሱ የሚመረተው በትምባሆ ሴል ነው።

ካሮቱ ግን አንድ ነገር አይፈታልንም። ከከረጢቱ የወጣው መድኃኒት እንደ ሌላው ሁሉ ፍሪጅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ወደ ዘር እንምጣ። ጀርመን ውስጥ ጋተርስሌበን የምትባል መንደር አለች። እዚያ ባለ ተቋም የሠሩ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ኡልሪከ ፊድለርና ኡዶ ኮንራት፣ በ1995 አንድ ውጤት አሳተሙ። የአንቲቦዲ ቁራጭ በትምባሆ ዘር ውስጥ እንዲከማች አደረጉ። ዘሩን አንድ ዓመት በክፍል ሙቀት አስቀመጡት። ፍሪጅ የለም፣ በረዶ የለም። ከዓመት በኋላ አንቲቦዲው አልቀነሰም፣ ሥራውንም አላቆመም።

ለምን? ዘር ሲደርስ ይደርቃል። ከክብደቱ ውሃው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያለ ውሃ አይንቀሳቀሱም። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን ለወራት የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘር ግን ከዚህም ያልፋል፤ ፕሮቲን ማከማቸት የተፈጠረበት ሥራው ነው። እህሉ ሲበቅል ቡቃያው የሚመገበውን ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሽጎ ያስቀምጣል። ሳይንቲስቱ ከዚያ የሚጠበቅበት የራሱን ፕሮቲን እዚያው እንክብል ውስጥ ማስገባት ነው። የጂኑን መነሻ፣ ማለትም ጂኑ የትና መቼ እንደሚሠራ የሚያዘውን ክፍል፣ ከዘሩ የማከማቻ ፕሮቲን ጂን ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ፕሮቲኑ ቅጠሉ ላይ አይሠራም፣ ግንዱ ላይ አይሠራም፤ ፍሬው ሲሞላ ብቻ ይሠራል።

ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ እነ ሂሮሺ ኪዮኖ ይህን በሩዝ አደረጉት። የመረጡት የኮሌራ መርዝ አንዱን ክፍል ነው። ይህ ክፍል ብቻውን ሰው አያሳምምም፤ ሰውነትን ግን ያስተምራል። በ2007 ባሳተሙት ጥናት በአንዲት የሩዝ ፍሬ ውስጥ 30 ማይክሮግራም ያህል ተከማችቷል። በክፍል ሙቀት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶም ሠርቷል። ሌላም ጥቅም ተገኘ። ፕሮቲኑ እንክብሉ ውስጥ ስላለ የጨጓራ ኢንዛይም ቶሎ አልበጣጠሰውም። ሩዙ ይፈጫል። ዱቄቱ ተመዝኖ በፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ይጠጣል። የድንቹ የመጠን ችግር እዚህ ላይ ተፈታ፤ ዱቄት ይቀላቀላል፣ ይለካል፣ ይመዘናል። በ2021 የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤት ታተመ። 60 ጤነኛ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከባድ ጉዳት አላመጣም። ሁሉም ግን እኩል አልተጠቀሙም። አንጀታቸው ውስጥ የተለያየ ዓይነት ባክቴሪያ የበዛላቸው የተሻለ አንቲቦዲ አወጡ። ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። ኮሌራ ከ2022 ጀምሮ ስንቱን የአገራችንን ወረዳ እንዳዳረሰ፣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ተሸክሞ ጤና ኬላ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ ይህ ሥራ ለምን ልቤን እንደያዘው አልነግራችሁም።

አይስላንድ ደግሞ ገብስ ላይ ትሠራለች። ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ በሚሞቅ ግሪንሀውስ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ ላይ ገብስ ይበቅላል። ዘሩ ውስጥ ሴል እንዲያድግ የሚያዙ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ። ለላብራቶሪና ለፊት ቅባት ይሸጣሉ። የፊት ቅባት መሆኑ አንዳንድ ሰው ያናድደዋል፤ እኔን አያናድደኝም። ገንዘቡ ግሪንሀውሱን አቁሞታል።

ገንዘብ ያላቆመው ደግሞ አለ። ካልጋሪ፣ ካናዳ ያለ ሴምባዮሲስ የሚባል ኩባንያ ኢንሱሊን በሱፍ ሠርቶ ነበር። አዎ፣ በጾም በምንፈተፍተው ሱፍ። ሱፍ ፈጭታችሁ በውሃ ስትጨምቁት የሚወጣውን ነጭ ነገር አስቡ። እዚያ ውስጥ ዓይን የማያያቸው የዘይት እንክብሎች ተንሳፍፈዋል። እንክብሎቹን የሚሸፍን አንድ ፕሮቲን አለ። ካናዳውያኑ ኢንሱሊኑን ከዚያ ፕሮቲን ጋር አያያዙት። ዘሩ ይፈጫል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ይሽከረከራል። ዘይቱ ኢንሱሊኑን ተሸክሞ ላይ ይንሳፈፋል። ሌላው ቆሻሻ ሁሉ ሥር ይቀራል። ከዚያ ኢንሱሊኑ ተቆርጦ ይወሰዳል። ይህን ያህል ያማረ የማጣራት ዘዴ አላየሁም። ሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሰው ነበር። በ2012 ገንዘብ አልቆባቸው ተዘጋ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለይተን እንያዝ። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ከዘሩ ወጥቶ መጣራቱ አይቀርም። ከተጣራ በኋላ ደግሞ ፍሪጁን ይፈልጋል። ታዲያ ዘሩ ምን ጠቀመ? ጊዜ ይገዛል። ቅጠል የታጨደ ዕለት ካልተሠራ ይጠፋል። ዘር መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ያኔ ይፈጫል፣ ያኔ ይጣራል። ፋብሪካውም ዓመቱን ሙሉ በልኩ ይሠራል። በአፍ ለሚወሰዱት ደግሞ ማጣራቱ በአብዛኛው ይቀራል። ከወጪው ትልቁ ማጣራት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ስለ አደጋው። ይህን ሳልናገር ብወርድ ዋሽቻችኋለሁ ማለት ነው።

በ2001 ፕሮዲጂን የሚባል የቴክሳስ ኩባንያ በቆሎ ውስጥ ለአሳማ ክትባት የሚሆን ፕሮቲን ያመርት ነበር። ከነብራስካ ማሳዎች አንዱ በቀጣዩ ዓመት አኩሪ አተር ተዘራበት። መሬት ላይ የቀረው በቆሎ እዚያው መሐል በቀለ። አኩሪ አተሩ ሲታጨድ አብሮ ታጨደ። ጎተራ ከገባ በኋላ ነው የታወቀው። 500 ሺህ ቡሽል አኩሪ አተር፣ በእኛ ወደ 136 ሺህ ኩንታል፣ ተወገደ። ኩባንያው 250 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ የማስወገጃው ወጪ ደግሞ በሚሊዮኖች ሆነ። ልብ በሉ፣ ማንም አልታመመም። ግን የሰው እምነት ተሰበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቬንትሪያ የሚባል ሌላ ኩባንያ የመድኃኒት ሩዝ ሚዙሪ ላይ ሊዘራ ሲል ትልቁ ቢራ ጠማቂ የሚዙሪን ሩዝ አልገዛም ብሎ ዛተ። ኩባንያው በመጨረሻ ሩዝ ወደማይመረትበት ወደ ካንሳስ ሄደ።

ሰው የሚበላው እህል ውስጥ መድኃኒት ሲቀመጥ ሁለቱ ዓይን ሲያያቸው አንድ ናቸው። ይህ ነው ችግሩ። ስለዚህ የእኔ አቋም የጠራ ነው። በአገራችን ክፍት ማሳ ላይ በገብስም፣ በማሽላም፣ በጤፍም ይህ ሥራ መሞከር የለበትም። ገብስ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፤ እንደ በቆሎ ብናኙ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። ቢሆንም ዘር ይፈሳል፣ ይበደራል፣ ገበያ ይወጣል። ጎረቤት ከጎረቤት ዘር በሚለዋወጥበት አገር ማን አጥር ያጥርለታል? በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አለን፤ አዋጅ ግን ማሳ አይጠብቅም። ከተሠራ በተዘጋ ግሪንሀውስ ወይም በከረጢት ውስጥ ይሠራ። ወይም በማይበላ ተክል፤ ያ የጋተርስሌበን የትምባሆ ዘር ለዚህ ያዋጣል።

የምጠነቀቅበት ምክንያት ፍርሃት ብቻ አይደለም። ያለን ነገር ውድ ነው። ሩሲያዊው የሰብል ዘር ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ሲዞር የስንዴና የገብሳችን ብዛት አስደንቆታል። በ1970 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ገብስ ሲመረምሩ ላይሲን የሚባለው ወሳኝ የፕሮቲን ክፍል የበዛበት አንድ ዘር ማግኘታቸውን አሳተሙ። ሂፕሮሊ አሉት። ከኢትዮጵያ የሄደ ገብስ ነበር። በ1973 አሜሪካ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ማሽላ ላይ ተመሳሳይ ፍለጋ አደረጉ። በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ዓይነት አገኙ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ ወተት በጉንጬ ይለዋል። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርቱም ያንሳል። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል፤ በእሸቱ ጠብሶ ይበላዋል። ማንም ጂን አላስገባበትም። ዘሩን እየመረጠ ያቆየው ገበሬው ነው። ውድ ፕሮቲን በዘር ውስጥ ማከማቸት ለእኛ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም ስል ይህን አስቤ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ ሁለቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንዲት እናት ትምባሆ ውስጥ የተሠራ መድኃኒት ኒኮቲን አይኖረውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። እናቴ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ በማጣራቱ ጊዜ ይወገዳል፣ መወገዱም በምርመራ ይረጋገጣል። ዘሩ ውስጥ ግን ከመጀመሪያውም የለም ማለት ይቻላል። ለትምባሆ ዘር የማደላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የበለጠ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ተክሎች ፕሮቲን ላይ የሚያንጠለጥሉት ስኳር ከእኛ ይለያል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል ተብሎ ይፈራ ነበር። ቪየና ያሉ ሳይንቲስቶች በ2008 ያን ስኳር እንዳይሠራ የተደረገ ቤንታሚያና አውጥተዋል። ዛሬ ብዙ ላብራቶሪ የሚጠቀመው በእሱ ነው።

አንድ ወጣት ደግሞ እኛ አገር ይህን ልጀምር ብል ከየት ልጀምር አለኝ። ኬሚካል ምህንድስና ነው የሚማረው። ተክል ማሳደጉን ችለነዋል፤ ዝዋይና ሆለታ የአበባ ግሪንሀውስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሙቀትና እርጥበት ሲቆጣጠሩ ይውላሉ። ጂን ማስገባቱንም የሚያውቁ ልጆች አሉን። የጎደለን ከተፈጨ ቅጠልና ከተፈጨ ዘር ውስጥ አንዱን ፕሮቲን ነጥሎ፣ ለመርፌ በሚበቃ ንጽሕና የሚያወጣ ሰው ነው። እሱን ተማር አልኩት። ለመለማመድ ደግሞ መድኃኒት አያስፈልግም። ላብራቶሪዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው፣ አሁን በውጭ ምንዛሪ የምናስገባቸው ኢንዛይሞች አሉ። ማንም ሰው ላይ አይወጉም፣ የፈቃዱም ሂደት ቀላል ነው፣ ገዢያቸውም እዚሁ አለ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎችም ኬፕታውን ላይ ለላብራቶሪ የሚሆን ፕሮቲን በቤንታሚያና እያመረቱ ነው የተነሱት። ዘንድሮ አንድ ኢንዛይም አጥርቶ ጎረቤቱ ላለ ላብራቶሪ የሸጠ ልጅ፣ ነገ የእብድ ውሻ አንቲቦዲ ስጡኝ ሲባል እጁ አይንቀጠቀጥም።